የቪዲዮ ኢንኮደር በፍሬም መጠን አለመጣጣም ሲያቆም፦ መንስኤውን የማግኛና የማስተካከያ ዝርዝር መመሪያ

በደሴ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በወልዲያ የሰርግ፣ የምረቃና የበዓል ቪዲዮ ለሚያዘጋጅ ባለሙያ አንድ ሥራ ከአንድ ካሜራ ብቻ ተቀርጾ የሚመጣበት ጊዜ አልፏል። ካሜራው በ1920 በ1080 ፒክሰል የቀረጸው፣ ሚዜዎቹ ስልካቸውን አቁመው በ1080 በ1920 የያዙት፣ በድሮን ከላይ የተነሣው፣ ከጅዳ ወይም ከቤይሩት ዘመድ በቪዲዮ ጥሪ ያስተላለፈው ምርቃት፣ የወላጆች የድሮ ፎቶግራፍ ሁሉ በአንድ ፎልደር ተጠቃልለው ይመጣሉ። እነዚህ በአንድ ታይምላይን ላይ ተገጣጥመው ወደ መጨረሻው ፋይል ሊለወጡ ሲሉ ኢንኮደሩ፣ ማለትም ምስሉን ጨምቆ ወደ ፋይል የሚለውጠው የፕሮግራም ክፍል፣ የስህተት መልእክት አውጥቶ ይቆማል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ ምንም ሳይናገር የተበላሸ ፋይል ማስረከቡ ነው።

ኢንኮደሩ ችግሩን የሚናገር እንጂ ችግሩን የሚፈጥር አይደለም። አለመጣጣሙ የሚፈጠረው ከእርሱ በፊት ባለው መንገድ ላይ ነው፤ በቀረጻው፣ በማጣሪያው (ምስሉን በሚያሳድገው፣ በሚቆርጠው ወይም በሚለውጠው ክፍል)፣ ክሊፖቹ በሚያያዙበት ቦታ ወይም አንድ ፕሮግራም ለሌላው ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው የተሠራበትን እያንዳንዱን ምስል፣ በሚያስረክብበት ጊዜ። ስለዚህ የኢንኮደሩን ቅንብር እየቀያየሩ መሞከር ቀኑን ከመብላት በቀር የሚያስገኘው ነገር የለም፤ ፍሬሙን በየደረጃው እየለኩ መጠኑ የተለወጠበትን ቦታ መፈለግ ግን ወደ መፍትሔው ያደርሳል። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በነጻ በሚገኙት፣ ቪዲዮ በሚለውጠው በኤፍኤፍኤምፔግና ፋይልን መርምሮ መረጃውን በሚያሳየው በኤፍኤፍፕሮብ ላይ የተመሠረተ ነው። በርካታ የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራሞች በውስጣቸው የሚጠቀሙት እነዚህኑ በመሆኑ፣ በሌላ ፕሮግራም የሚሠራ ሰውም ስሌቱን እንዳለ ሊወስደው ይችላል።

መልእክቱን ከላይ ጀምሮ ማንበብ

አንድ ሰው 1920 በ1080 የሆነን ቪዲዮ፣ ለቴሌግራም እንዲቀልለት፣ ወደ 480 ቁመት ሊያሳንሰው ፈለገ እንበል። 480 በ16 ተባዝቶ ለ9 ሲካፈል 853.33 ይመጣል፤ ፕሮግራሙ ይህን ወደ 853 ያጠጋጋዋል። ኤክስ264 የተባለው ኢንኮደር ያን ጊዜ በእንግሊዝኛ አንድ አጭር መስመር ይጽፋል፤ ትርጉሙም «ስፋቱ ለ2 አይካፈልም፣ 853 በ480» የሚል ነው። ከእርሱ ሥር ግን ረዘም ያለ ሌላ መስመር ይከተላል። ይህኛው ኢንኮደሩን መክፈት እንዳልተቻለና ምናልባት ቢትሬቱ (በሰከንድ የሚመዘገበው የመረጃ መጠን)፣ የፍሬም ፍጥነቱ፣ ስፋቱ ወይም ቁመቱ ተሳስቶ ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል። በሁለተኛው መስመር ላይ ቢትሬት አስቀድሞ ስለተጠቀሰ ብዙ ሰው ቢትሬት ሲቀያይር ይውላል፤ እውነተኛው ምክንያት ግን ከላይ፣ በአጭሩ መስመር ላይ ተጽፏል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መልእክቱን ወደ ላይ ስቦ ከሁሉ ቀድሞ የወጣውን የስህተት መስመር ማግኘትና በውስጡ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች በወረቀት ላይ መመዝገብ ነው።

መልእክት ሳይኖር ችግሩ በምስሉ ላይ ብቻ የሚታይበት ጊዜም አለ። ከምስሉ በታች ወይም በጎኑ አረንጓዴ መስመር ከታየ፣ ከተገኘው ፍሬም የሚበልጥ ቦታ ተጠብቆ ትርፉ ባዶ መቅረቱን ያመለክታል፤ የብርሃኑም የቀለሙም መረጃ ዜሮ ሲሆን በስክሪን ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ነውና። ምስሉ እንደ ተገፋ አጥር ወደ አንድ ጎን ካጋደለ፣ የአንዱ ረድፍ ርዝመት በስህተት ተቆጥሯል ማለት ነው። ሰዎቹ ቀጥነው ወይም ወፍረው ከታዩ ደግሞ መጠኑ በኃይል እንዲገጥም ተለጥጧል።

ጎዶሎ ቁጥር ለምን ተቀባይነት ያጣል?

ይህን ክፍል መዝለል አይገባም፤ የቀሩትን እርምጃዎች ሁሉ የሚያስረዳው እርሱ ነው። ዛሬ በስልክና በቴሌቪዥን የምናየው ቪዲዮ በአብዛኛው የሚቀመጠው 4:2:0 በተባለ አሠራር ነው። የሰው ዓይን የብርሃንን ልዩነት ከቀለም ልዩነት ይልቅ አጥርቶ ስለሚለይ፣ ብርሃኑ ለእያንዳንዱ ፒክሰል ይመዘገባል፤ ቀለሙ ግን ሁለት በሁለት ሆነው ለተሰበሰቡ አራት ፒክሰሎች በጋራ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘገባል። ፍሬሙ 853 ፒክሰል ስፋት ካለው የመጨረሻው ዓምድ ጥንዱን ያጣል፤ ቀለሙን የሚጋራው ጎረቤት የለውም። ኢንኮደሩ የሚያቆመው በዚህ ምክንያት ነው። 4:2:2 በተባለው አሠራር ለ2 መካፈል ያለበት ስፋቱ ብቻ ሲሆን፣ በ4:4:4 ግን ሁሉም ፒክሰል የራሱ ቀለም ስላለው ጎዶሎ ቁጥር ያልፋል።

በዚህች በመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በስካነር የገባ የፒኤንጂ ፎቶግራፍ ለኤፍኤፍኤምፔግ ሲሰጠው፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተጨመረ በቀር ፕሮግራሙ ከፎቶው ቀለም ጋር እንዲቀራረብለት 4:4:4ን ይመርጣል። ፎቶው 1365 በ767 ቢሆንም ያለ ምንም ስህተት ያልፋል፤ በኮምፒውተር ላይም በትክክል ይታያል። ለደንበኛ ሲላክ ግን አብዛኞቹ ስልኮችና ቴሌቪዥኖች 4:4:4ን ስለማያጫውቱ ፋይሉ አልከፈትም ይላል። ባለሙያው ይህን ለማረም የፒክሰል ፎርማቱን ወደ 4:2:0 ሲቀይረው፣ እስከዚያ ተደብቆ የነበረው የጎዶሎ ቁጥር ስህተት ብቅ ይላል፤ እርሱም የቀየረው ነገር ያበላሸበት መስሎት ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። መመለስ የለበትም፤ 4:2:0ን ይዞ መጠኑን ማስተካከል ነው የሚገባው።

ከዚህ ጋር የሚነሣ ሌላ ጥርጣሬ አለ። ኤች264 የተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ አሠራር ፍሬሙን 16 በ16 በሆኑ ማክሮብሎክ በሚባሉ ክፍሎች ከፋፍሎ ይሠራል፤ 1080 ግን ለ16 ሲካፈል 67.5 ነው። ስለዚህ ኢንኮደሩ በውስጡ 1088 ረድፍ አድርጎ ይሠራና የታችኞቹ 8 ረድፎች እንዳይታዩ በፋይሉ ውስጥ ያስታውቃል። በቪኤልሲ ማጫወቻ ቱልስ ከሚለው ዝርዝር ኮዴክ ኢንፎርሜሽንን የከፈተ ሰው 1920 በ1080 ከሚለው አጠገብ 1920 በ1088 የሚል ሊያይ ይችላል። ይህ ስህተት አይደለም፤ ሊነካም አይገባውም።

እያንዳንዱን ፋይል መለካት

አሁን ፎልደሩን ይክፈቱና እያንዳንዱን ፋይል በሚዲያኢንፎ ወይም በኤፍኤፍፕሮብ ይመርምሩ። የፋይሉ ስም ላይ የተጻፈውንም ሆነ ደንበኛው የነገረዎትን አይመኑ። መመዝገብ ያለባቸው አምስት ነገሮች ናቸው፦ ስፋት፣ ቁመት፣ የማዞሪያ ምልክት፣ የፒክሰል ቅርጽ (የአንዱ ፒክሰል ስፋት ከቁመቱ ጋር ያለው ምጥጥን) እና የፒክሰል ፎርማት (4:2:0፣ 4:2:2 ወይም 4:4:4 መሆኑ)።

የማዞሪያ ምልክቱ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስልክ ቆሞ ሲቀርጽ ብዙ ጊዜ ምስሉን በ1920 በ1080 አስተኝቶ ያስቀምጠውና «ሲታይ በ90 ዲግሪ ይዙር» የሚል ምልክት ይጨምርበታል። ኤፍኤፍኤምፔግ ምልክቱን አንብቦ ራሱ ያዞረዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ፍሬም 1080 በ1920 ነው። ምልክቱን የማያነብ ሌላ ፕሮግራም ግን እንደተኛ ያስረክበዋል። በአንዱ መሣሪያ ለክተው በሌላው የሚሠሩ ከሆነ ስፋትና ቁመት የተቀያየሩ መስለው የሚታዩት ስለዚህ ነው።

የስክሪን ቅጂም እንዲሁ ነው። ብዙ ላፕቶፖች 1366 በ768 ስክሪን አላቸው። 1366 ለ2 ስለሚካፈል ሙሉው ስክሪን ያልፋል፤ አንድ መስኮት ብቻ ተመርጦ ሲቀዳ ግን መጠኑ እጅ እንደጎተተው ስለሚሆን ጎዶሎ ቁጥር የመምጣቱ ዕድል ሰፊ ነው።

አንድ የፍሬም መጠን መወሰንና ሁሉንም ወደዚያ ማምጣት

ከለኩ በኋላ የመጨረሻው ፋይል መጠን ምን እንደሚሆን አስቀድመው ይወስኑ። ለሰርግና ለበዓል ሥራ 1920 በ1080፣ ካሬ ፒክሰል፣ 4:2:0 ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በደንበኛው ቤት ያለ ቴሌቪዥንም ሆነ ስልክ ያለ ችግር ይቀበለዋል። ከዚያም ከዚህ መጠን የተለየ ማንኛውም ክሊፕ ወደ ታይምላይን ወይም ወደ ማያያዣው ከመግባቱ በፊት ይስተካከል። የማስተካከያው ቦታ መግቢያው ላይ ነው፤ ሁሉም ከተቀላቀለ በኋላ የትኛው ክሊፕ እንዳስቆመ መፈለግ አድካሚ ነው።

አቁሞ የተቀረጸውን የሚዜ ስልክ ቪዲዮ እንውሰድ። ቁመቱ 1920 የነበረው ወደ 1080 ሲወርድ ስፋቱ 607.5 ይሆናል። በኤፍኤፍኤምፔግ ስኬል በሚባለው ማጣሪያ ውስጥ የስፋቱን ቦታ በኔጌቲቭ 1 ከሞሉት ፕሮግራሙ ምጥጥኑን ብቻ ጠብቆ ያሰላል፤ ውጤቱ ለ2 ይካፈል አይካፈል ግድ የለውም። በኔጌቲቭ 2 ከሞሉት ግን ምጥጥኑን ጠብቆ ለ2 ወደሚካፈል ቅርብ ቁጥር ያመጣዋል፤ በዚህ ምሳሌ 608። ቀደም ሲል 853 ላይ የቆመውም ቪዲዮ በዚሁ መንገድ 854 ሆኖ ያልፋል። የግማሽ ፒክሰል ልዩነት በዓይን አይታይም።

608 ስፋት ያለውን ምስል 1920 በሆነ ፍሬም መካከል ለማስቀመጥ ከ1920 ላይ 608 ሲቀነስ 1312 ይቀራል፤ ለግራና ለቀኝ ሲካፈል 656 ይደርሳል። ፓድ በሚባለው ማጣሪያ ፍሬሙን 1920 በ1080፣ የምስሉን መነሻ ከግራ 656፣ ከላይ 0 ብለው ይስጡት። መነሻው ራሱ ለ2 የሚካፈል እንዲሆን ይጠንቀቁ፤ ካልሆነ ቀለሙ ከብርሃኑ ጋር በትክክል ስለማይገጥም ፕሮግራሙ ቦታውን በራሱ ያሸጋሽገዋል። ለ4:3 ፎቶግራፍ ስፋቱ 1440፣ መነሻው 240 ነው። ለ3:2 ፎቶግራፍ ደግሞ ስፋቱ 1620፣ መነሻው 150 ነው።

ጥቁሩን ዳር የማይወድ ደንበኛ ብዙ ነው። ለእርሱ ያንኑ ቪዲዮ ስፋቱን 1920 አድርገው ያሳድጉት፤ ቁመቱ በኔጌቲቭ 2 ስሌት 3414 ይሆናል። ከዚያ መካከለኛውን 1920 በ1080 ክሮፕ አድርገው (ዙሪያውን ቆርጠው) አደብዝዘው ከኋላ ያንጥፉና 608 ስፋት ያለውን ጥርት ያለ ምስል በላዩ ያስቀምጡ።

ማድረግ የሌለብዎት አንድ ነገር አለ፤ መልእክቱ እንዲጠፋ ብቻ ብለው የቆመውን ቪዲዮ 1920 በ1080 ወደሚል ቁጥር አይለጥጡት። ኢንኮደሩ በደስታ ይቀበለዋል፤ ሙሽራዋና እናቷ ግን ከቁመታቸው ይልቅ ጎናቸው ሰፍቶ ይታያሉ። ያ ቪዲዮ ለልጅ ልጅ የሚቀር ነው። የቤተሰብን መልክ አጣምሞ ማስረከብ በሙያው ነውር ነው።

ፋይሉ ጎዶሎ የሆነው በአንድ ፒክሰል ብቻ ሲሆን ማሳደግም ማሳነስም አያስፈልግም። ስፋቱንና ቁመቱን ለ2 አካፍለው፣ ቀሪውን ጥለው፣ መልሰው በ2 በማባዛት በተገኘው ቁጥር ክሮፕ ያድርጉ። 1365 በ767 የነበረው 1364 በ766 ይሆናል፤ የጠፋው አንድ ዓምድና አንድ ረድፍ ነው። ጽሑፍ ላለበት የስክሪን ቅጂ ይህ ከስኬል ይሻላል፤ ፊደሎቹ አይደበዝዙምና።

ከድሮ ካሴት የመጣ ቪዲዮ

በየቤቱ በሳጥን የተቀመጠ የሚኒ ዲቪ ካሴት፣ የግሸን ማርያም የመስከረም 21 ክብረ በዓልም ይሁን የጀማ ንጉሥ መውሊድ የተቀረጸበት፣ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ፓል በተባለው የቴሌቪዥን አሠራር 720 በ576 ሆኖ ይገኛል። ፒክሰሎቹ ግን ካሬ አይደሉም፤ የ4:3 ቀረጻ ከሆነ የፒክሰሉ ቅርጽ ብዙ ጊዜ 16:15 ተብሎ ይመዘገባል። 720ን በ16 አባዝተው ለ15 ሲያካፍሉ 768 ያገኛሉ፤ ሲታይ ሊኖረው የሚገባው እውነተኛ ስፋት ይህ ነው። ይህን ሳይመለከቱ ከ720 ተነሥተው ወደ 1080 ቁመት ቢያሳድጉት ስፋቱ 1350 ይሆናል፤ ከ768 ተነሥተው ቢያሰሉት ግን 1440 ይመጣል። በመካከሉ ያለው 90 ፒክሰል ሰውን አቅጥኖ የሚያሳይ ልዩነት ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። በመጀመሪያ ኢንተርሌስ የሆነውን (ረድፎቹ አንድ እየዘለሉ በሁለት ጊዜ የተቀረጹበትን) ምስል ወደ ሙሉ ፍሬም ይፍቱ፤ ቀጥሎ ስፋቱን በፒክሰሉ ቅርጽ አባዝተው 768 ያድርጉ፤ ከዚያ ሴትሳር በሚባለው ማጣሪያ ፒክሰሉ ካሬ መሆኑን ያውጁ፤ በመጨረሻ ወደ 1440 በ1080 አሳድገው በ240 መነሻ ያስቀምጡ። ሴትሳርን ያለ ማባዛቱ ብቻውን መጠቀም የስህተት መልእክቱን ያጠፋል፤ የተዛባውን ቅርጽ ግን ያጸድቀዋል።

በጥሪ መካከል መጠኑ የሚቀያየር ቪዲዮ

ከውጭ አገር በቪዲዮ ጥሪ የተቀዳ ምርቃት ከሁሉም ይልቅ አስቸጋሪ ነው። የጥሪ ፕሮግራሞች ኔትወርክ ሲደክም የምስሉን መጠን በመካከል ይቀንሳሉ፤ ሲሻሻል ይጨምራሉ፤ ተናጋሪው ስልኩን ሲያዞርም ስፋትና ቁመት ይቀያየራሉ። የተቀዳው ፋይል ስክሪኑን ሳይሆን የመጣውን ምስል እንዳለ የያዘ ከሆነ በአንድ ፋይል ውስጥ ብዙ መጠኖች ይኖራሉ። ሚዲያኢንፎ የሚነግርዎት በፋይሉ ራስጌ የተመዘገበውን አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ኤፍኤፍፕሮብ የእያንዳንዱን ፍሬም ስፋትና ቁመት እንዲዘረዝር አዝዘው፣ ቁጥሩ የተለወጠበትን ሰከንድ ይፈልጉ።

መፍትሔው ይህን ፋይል ወደ ኤዲቲንግ ከማስገባትዎ በፊት ብቻውን በስኬልና በፓድ አሳልፎ ሙሉ በሙሉ 1920 በ1080 ማድረግ ነው። በዚህ ጊዜ ስኬሉ ውስጥ 1920 በ1080 ሰጥተው፣ የመጀመሪያውን ምጥጥን ጠብቆ እንዲያሳንስ የሚያዝዘውን አማራጭና ለ2 እንዲካፈል የሚያስገድደውን አማራጭ ያክሉ፤ የፓዱ መነሻም በቁጥር ሳይሆን «የፍሬሙ ስፋት ሲቀነስ የምስሉ ስፋት፣ ለ2 ሲካፈል» በሚል ቀመር ይጻፍ። መጠኑ በመካከል ሲለወጥ ስሌቱ እንደገና ይሠራል። ምንም ማጣሪያ ሳይሰጡት ቢያልፍ ግን በመጀመሪያው ፍሬም መጠን ይጸናና የቀረውን ወደዚያው ይለጥጠዋል።

ክሊፖችን ማያያዝ

በኤፍኤፍኤምፔግ ኮንካት በሚባለው ማጣሪያ የሚያያዙ ክሊፖች አንድ ዓይነት ስፋት፣ ቁመትና የፒክሰል ቅርጽ ሊኖራቸው ግድ ነው። የስህተት መልእክቱ ሁለቱንም መጠኖች ጎን ለጎን ስለሚጽፍ ንባቡ ቀላል ነው። ሁለቱም 1920 በ1080 ሆነው ሳለ አልገጥም ካለ፣ ዓይንዎን ወደ ፒክሰሉ ቅርጽ ይመልሱ፤ አንዱ 1:1፣ ሌላው 0:1 ይሆናል። 0:1 ማለት ቅርጹ አልተገለጸም ማለት ስለሆነ በሁለቱም ላይ ሴትሳርን 1 ማድረግ ይበቃል። ሳይለውጡ በመቅዳት ብቻ የሚያያዘው ሌላኛው መንገድ ደግሞ ይህን አይመረምርም፤ ፋይሉ ይወጣል፣ ሁለተኛው ክሊፕ ሲደርስ ግን ምስሉ ይቆማል ወይም ይፈራርሳል።

በግራፊክስ ካርድ የሚሠራ ኢንኮደር

የሶፍትዌር ኢንኮደር የተቀበለውን የካርዱ ኢንኮደር ሊጥለው ይችላል። የኤንቪዲያ ካርዶች በኤች264 ከ4096 ፒክሰል የሰፋ ፍሬም አይቀበሉም፤ የሐይቅን ዙሪያ በአንድ ምስል ያካተተ 6000 ፒክሰል ስፋት ያለው ፓኖራማ በዚያው መጠን ሲሰጣቸው ሥራውን ያቆማሉ። ሌላው እንቅፋት ሌቭል፣ ማለትም የፍሬሙን መጠንና የመረጃውን ብዛት የሚገድብ የኤች264 ደረጃ፣ ነው። ሌቭል 4.1 በአንድ ፍሬም እስከ 8192 ማክሮብሎክ ይፈቅዳል፤ 1920 በ1080 ደግሞ 120 በ68፣ ማለትም 8160 ስለሆነ ለጥቂት ይገባል። 2704 በ1520 ሆኖ የመጣ ቀረጻ ግን 169 በ95፣ 16055 ነው። ሌቭሉ በእጅ 4.1 ላይ ታስሮ ከሆነ ወይ ያስለቅቁት፣ ወይ ቪዲዮውን ወደ 1920 በ1080 ያውርዱት።

ፍሬሙን በራሳቸው ፕሮግራም ለሚያስረክቡ

ኮድ የሚጽፉ ወጣቶች ሁለት ነገር ይያዙ። ኦፕንሲቪ በተባለው የምስል ኮድ ላይብረሪ የምስሉ መጠን ሲጠየቅ ቁመቱ ቀድሞ ይመጣል፤ ቪዲዮውን ወደ ፋይል የሚጽፈው ክፍል ግን ስፋቱን አስቀድሞ ይፈልጋል። ከተቀያየሩ ብዙ ጊዜ የስህተት መልእክት ሳይመጣ ፍሬሞቹ ይጣላሉ፤ የሚቀረው የማይከፈት ጥቂት ኪሎባይት ፋይል ነው።

ሁለተኛው የረድፍ ርዝመት ነው። 607 ፒክሰል ስፋት ያለው፣ በፒክሰል 3 ባይት የሚይዝ ምስል በአንድ ረድፍ 1821 ባይት አለው፤ ብዙ ሥርዓቶች ግን ረድፉ ለ4 እንዲካፈል 1824 ያደርጉታል። ተቀባዩ 1821 ብሎ ከቆጠረ በእያንዳንዱ ረድፍ 3 ባይት፣ ማለትም ልክ አንድ ፒክሰል ይንሸራተታል፤ ቀለሙ ሳይበላሽ ምስሉ በ45 ዲግሪ ያጋድላል። የረድፉን እውነተኛ ርዝመት ከምስሉ ጠይቀው ትርፉን ጥለው ያስረክቡ።

ሙሉውን ከማውጣት በፊት መሞከር

የሁለት ሰዓት ሥራ ሬንደር ላይ ጥሎ መተኛት፣ መብራት በሚጠፋበት አካባቢ በተለይ፣ ጥሩ ልማድ አይደለም። ከእያንዳንዱ ዓይነት ምንጭ 10 ሰከንድ፣ ከጥሪ ቪዲዮው ደግሞ መጠኑ የተለወጠበትን ቦታ የሚያካትት ቁራጭ ይውሰዱና በመጨረሻው ቅንብር አያይዘው ያውጡ። የወጣውን ፋይል እንደገና በኤፍኤፍፕሮብ ይለኩ፤ 1920 በ1080፣ የፒክሰል ቅርጽ 1:1፣ ፎርማት 4:2:0 መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ ዋጋው መካከለኛ በሆነ ስልክና በፍላሽ አድርገው በቴሌቪዥን ላይ ይክፈቱት፤ በሁለቱም ላይ ክሊፖቹ የተያያዙባቸውን ቦታዎች እየዘለሉ ይመልከቱ። በአንዱ መጋጠሚያ ላይ ምስሉ ከቆመ ወይም ካጋደለ፣ ከዚያ መጋጠሚያ ቀጥሎ ያለውን ክሊፕ ብቻ አውጥተው እንደገና ይለኩት፤ የተቀሩትን አይንኳቸው።